የትኛው ቅበላ?

አንዲት ቃል አሳስቼ በመስማቴ አንድ ሰንጋና ሁለት ሙክት አርጄ አውቃለሁ። ሌላው ሰው ሲሳሳት ይቅርታ ይጠይቃል፤ እኔ ግን ለሁለት መቶ ሰው የሚበቃ ወጥ ሠርቼ ቁጭ አልኩ። ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ቢቸና ውስጥ ነው። ልጆቼ ሲሰሙት ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እናንተም ብትስቁ አልቀየምም፤ ያን ቀን ግን የሚያስቅ ነገር አልታየኝም ነበር።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ የሺ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ሞጣ ነው። ገና በልጅነቴ ተዳርኩ፤ በሃያ ሁለት ዓመቴ ተፋትቼ አባቴ ቤት ተመለስኩ። አባቴ ፈት ሴት ልጃቸውን ጓዳ ውስጥ ማየት አስጠላቸውና ወዲያው ሌላ ባል አገኙልኝ። ሰውየው ሚስቱ የሞተችበት ባለ ብዙ መሬት ሽማግሌ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ልጁ በዕድሜ እኔን ይበልጠኝ ነበር። እኔም «ሞቼ ነው» አልኩ። ከፍቺው የደረሱኝን ሁለት ላሞች ሸጬ ቢቸና ምግብ ቤት ልከፍት ተነሣሁ። አባቴ ቀልድ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። በሽማግሌዎች ፊት እንዲህ አሉኝ፦

«እስከ ቅበላ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። እስከዚያ ራስሽን ችለሽ ሰው ከሆንሽ፣ ሁኝ። ካልሆንሽ ወንድምሽን በቅሎ አስይዤ እልካለሁ፤ ሳታንገራግሪ ትመጫለሽ።»

እሺ ብዬ እግራቸውን ስሜ ወጣሁ። መቼም ቅበላን ታውቁታላችሁ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ያለው የመጨረሻው የፍስክ እሑድ ነው፤ ሥጋንና ቅቤን እስከ ፋሲካ የምንሰናበትበት ቀን። ከዚያ እሑድ የተረፈ ወጥ ሰኞ ጠዋት ወርቅ ቢሆን እንኳ የሚቀምሰው ክርስቲያን የለም።

ቢቸና ላይ ከገበያው በላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሥራው ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። የቆየ ደንበኛ ያላቸው ጠጅ ቤቶች በዝተው፣ እኔ ቤት የሚገባው መንገድ የጠፋበት ሰው ብቻ ነበር። ጥር አልቆ ተስፋዬም አብሮ ሊያልቅ ሲል፣ ከመንግሥት ጽሕፈት ቤት አንድ ዘበኛ ደብዳቤ ይዞልኝ መጣ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ እሱም ቢሆን ፊደሉን በጣቱ እየጫነ ነበር የሚያነበው።

«ለወይዘሮ የሺ... ለቅበላው ዕለት... ለሁለት መቶ ሰው የሚበቃ የተሟላ ምግብ እንድታዘጋጂ... ሒሳቡ ከግብዣው በኋላ የሚከፈል ሆኖ...»

ከዚያ በላይ አላስነበብኩትም፤ እልልታዬን አቀለጥኩት። ዘበኛውም አብሮኝ ሳቀ፤ ደብዳቤውን አጥፎ ሰጠኝ፣ ጠላ ጠጥቶ ሄደ። እግዜር ይይልኝ፣ ያን እልልታ ለአንድ ደቂቃ ባቆየው ኖሮ ይህን የምነግራችሁ ታሪክ አይኖርም ነበር።

በእጄ የቀረችውን ሁሉ አወጣሁ። የአንገት ማተቤ ላይ የነበረችው የወርቅ ቀለበት ሳትቀር ተሸጠች። ሰንጋውን ገዛሁ፣ ሙክቶቹን ገዛሁ፣ ዳስ አስጣልኩ። የቅበላው ዋዜማ ቅዳሜ ስናርድ ታላቅ ወንድሜ አያ ታደለ የአባቴን በቅሎ እየሳበ ከሞጣ ደረሰ። በቅሎዋ የሴት ኮርቻ ተጭናለች።

«ኮርቻው የማነው?» አልኩት እያወቅኩ።

«ያንቺ ነው። አባባ ቀን አይስቱም።»

«እንግዲያው ነገ የመንግሥት ግብዣ እንዳለብኝ አይተህ፣ ባዶ ኮርቻ ይዘህ ትመለሳለህ» አልኩት። ሳቅ አለና ከሙክቱ ዱለት እንድሠራለት አዘዘኝ።

እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አልቆ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሁሉም ነገር ደርሶ ነበር። ዳሱ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። ወጡ በትልልቅ ድስቶች ውስጥ ቅቤው ተንሳፎበት ይጠብቃል። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ የመጣ የለም። አራት ሰዓት ሆነ። በዳሱ ደጃፍ አንድ ውሻ ብቻ ቆሞ ያየናል።

«እንግዶችሽ በእግራቸው ነው እንዴ የሚመጡት?» አለኝ አያ ታደለ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ።

ከዚያ በላይ መጠበቅ አልቻልኩም። ነጠላዬን አጣፍቼ ደብዳቤውን ወደ ጻፈው ጸሐፊ ቤት በሩጫ ሄድኩ። ሰውየው ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ላይ ነበር።

«ጌታዬ፣ ምግቡ ደርሷል» አልኩት እጅ ነሥቼ።

«የምን ምግብ?»

«የቅበላው ነዋ!»

«የትኛው ቅበላ?»

ይህችን ጥያቄ እስካሁን እንቅልፌ ውስጥ እሰማታለሁ። ደብዳቤውን ከብብቴ አውጥቼ ሰጠሁት። እጁን ጠርጎ ተቀበለኝ፣ አነበበው፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺ ሴት፣ ይኼ እኮ የእንግዳ ቅበላ ነው! ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ዓባይን ተሻግረው ይመጣሉ ተብሏል፤ እሳቸውን የምንቀበልበት ዕለት ማለቴ ነው። ይኸው ከታች ጽፌዋለሁ፤ ‹ቀኑ ወደፊት ይገለጻል›። ምነው፣ ጨርሰሽ አላስነበብሽም?»

ከዚያ ሳቁ ያዘው። ስቆ ስቆ ትን ሲለው ሚስቱ ውኃ ሰጠችው። እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ ነኝ።

«ይኼኛውንስ ምን ላድርገው?» አልኩት።

«ይኼኛውንማ ብዪው!»

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱ አይታየኝም ነበር። አለቀስኩ፤ ምን ልደብቃችሁ። ያን ሁሉ ወጥ ፀሐይ እስክትጠልቅ ካልሸጥኩት ነገ ለውሻ ነው፤ እኔም ነገ በዚያ ኮርቻ ላይ ነኝ። ሞጣ ስገባ ሽማግሌው ሙሽራዬ እጁን እያሻሸ ሲጠብቀኝ ታየኝ። እንባዬን ጠርጌ በየደጁ መዞር ጀመርኩ። ግን በቅበላ ቀን ሥጋ የሚገዛ ማን አለ? አቅም ያለው ሁሉ አርዷል፤ የሌለው ቅርጫ ገብቷል። ጎረቤቴ ባለጠጅ ቤቷ ወገቧን ይዛ አየችኝ።

«አንቺ ደግሞ! እኔ የራሴን ማን በበላልኝ እያልኩ ያንቺን ልግዛ? ዛሬ ጮማ የማይሸተው ታች ሰፈር ብቻ ነው» አለችኝ።

ይህን ያለችው ለነገር ነው። እኔ ግን ቃሏን ይዤ ቀረሁ።

ታች ሰፈር ከገበያው ቁልቁል ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና እንጨት ተሸካሚዎች የሚኖሩበት ነው። የእኛ አገር ሰው በዚያ ዘመን ከእነርሱ ጋር ማዕድ አይቀርብም። ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። ድስታቸውን ገዝተን እናበስልበታለን፤ ከድስታቸው ግን አንበላም። እኔም እንዲያ ተብዬ ነው ያደግኩት።

«አያ፣ በቅሎዋን አውሰኝ» አልኩት ወንድሜን።

«ወዴት?»

«ታች ሰፈር። ወጡን ልሸጥ።»

«ወጥ? የአባባን በቅሎ ወጥ ልትጭኚያት? ኮርቻው እኮ ያንቺ ነው፣ የድስት አይደለም!»

«እንግዲህ ዛሬ ድስቱ ቀድሞኛል» ብዬ ኮርቻውን አራገፍኩት። ከሠራተኛዬ ከዘነቡ ጋር ወጡን በሁለት ትልልቅ ገንቦዎች ገልብጠን በግራና በቀኝ ጫንን፤ እንጀራውን በየራሳችን ተሸከምን። አያ ታደለ በቅሎዋ አደራ ናትና ሊተዋት አልቻለም። እየተራገመ ተከተለን። ሰፈሩ አፋፍ ላይ ሲደርስ ግን አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ ቆመ።

መሐል መንደር ገብቼ ጮህኩ። «ኑ! የሥጋ ወጥ ከነእንጀራው! አንድ ጭልፋ በአምስት ሳንቲም!»

ማንም አልመጣም። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት እጃቸው ጭቃ እንደሆነ ከአንድ ጎጆ ወጡ። ውድነሽ ነበሩ። የቢቸና ግማሹ ድስት የእሳቸው ሥራ ነው፤ ገበያ ላይ ግን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ «አንቺ ውድነሽ» ነበር የሚላቸው።

«ምን ሞቶ ነው?» አሉኝ።

«ማን ሞቶ?»

«በሬው ነዋ። ታርዶ ነው ወይስ ታሞ ሞቶ? በአምስት ሳንቲም ጤነኛ በሬ አላውቅም።»

ደነገጥኩ። መሳቴን ለማረም ቸኮልኩና የባሰ ሳትኩ። «እንግዲያው በነጻ ውሰዱት! ስለ ነፍስ!» አልኩ።

ያን ጊዜ ተከፍተው የነበሩት ደጆችም ተዘጉ። ከኋላዬ አንድ ሰው «ደንቃራ ነው!» ሲል ሰማሁ። ደንቃራ ማለት የታመመ ሰው በሽታው ወደ ሌላ እንዲተላለፍለት መንገድ ላይ የሚጥለው ነገር ነው፤ ያነሣው ሰው በሽታውን ይወስዳል። የጌቶች ምግብ በቅበላ ቀን፣ ለዚያውም በነጻ፣ ታች ሰፈር ድረስ በበቅሎ ተጭኖ ሲመጣ ሌላ ምን ይባላል? ከአፋፉ ላይ ወንድሜ ተጣራ።

«እቴ፣ በቃሽ! ነይ እንሂድ!»

ልዞር ነበር። አሮጊቷ ግን አልሄዱም። ቆመው ፊቴን ሲያዩ ቆዩና ወደ ጎጆአቸው ገብተው አንድ ጠርዙ የተሰነጠቀ ወጭት ይዘው ወጡ። ሸክላ ሠሪ ደህናውን ሸጦ የሚበላው በተሰነጠቀው ነው።

«ከዚህ ላይ አድርጊና አንቺ ብዪ» አሉኝ። «ባለቤቱ ያልቀመሰውን እኛ አንቀምስም።»

መዋሸት አልፈልግም፤ ፈራሁ። ከእነርሱ ዕቃ ከበላሽ ትታመሚያለሽ የተባልኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አለኝ። አፋፉ ላይ ወንድሜ «እንዳታደርጊው!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ወዲያው ደግሞ የገዛ ራሴ ነገር ታየኝ። እነርሱ የእኔን ምግብ ፈርተው ደጅ ሲዘጉ ሆዴ የተቃጠለ እኔ፣ የእነርሱን ወጭት ልፈራ ነው? ቄጠማ እንኳ በሌለበት መሬት ቁጭ አልኩ። ከወጡ ጨልፌ ወጭቱ ላይ አደረግኩ፤ በእንጀራ ጠቅልዬ ጎረስኩ። ከዚያ ሁለተኛውን ጠቅልዬ ወደ አሮጊቷ ዘረጋሁ።

«እማማ ውድነሽ፣ ይጉረሱልኝ» አልኳቸው።

በሕይወቴ ለሸክላ ሠሪ አንቱ ብዬ አላውቅም ነበር። እሳቸውም ሰምተው አያውቁም መሰለኝ፣ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ ጉርሻውም ለዚያው ተመቸው። አላምጠው ሲውጡ መንደሩ በሙሉ በየደጁ ቀዳዳ ያይ ነበር።

«ሰው ሁሉ በዓይናችሁ ትበላላችሁ ይለናል» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እስቲ ዛሬ ደግሞ ለአንድ ቀን በአፋችን እንብላ!»

የሳቁ ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ደጆች ተከፈቱ። እኔም በደስታ ጭልፋዬን አንሥቼ ልሞላላቸው ስል እጄን ያዙኝ።

«ቆይ። ዋጋው ስንት ነው?»

«በነጻ አልኩ እኮ፣ እማማ።»

«እኔ ለማኝ ነኝ? ቀን ስረግጥ የምውለው ጭቃ ለምን ሆነና! ዋጋ ንገሪኝ።»

«አምስት ሳንቲም።»

«ይኼ ዋጋ ነው» አሉና ከመቀነታቸው ሳንቲም ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሩ። «አሁን ሙዪው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ አልችልም። ሰው በሰው ላይ ሆነ። ፋቂው ከነሚስቱ፣ እንጨት ተሸካሚዎቹ ከነሸክማቸው፣ ሁሉም የተሰነጠቀ ድስቱን ይዞ ተሰለፈ። ሳንቲም ያነሳቸው ሸክላ ሠሪዎች ለጾም ገበያ የሠሩትን አዲስ ድስት አመጡ፤ «በዚህ ስንት ጭልፋ?» ይላሉ። እኔም ተቀበልኩ። ሁለቱ ገንቦዎች ባዶ ሆኑ፤ ዘነቡ በቅሎዋን ይዛ ተመለሰች፣ እንደገና ጫነች። በሦስተኛው ጭነት እጄ ዝሎ ጭልፋው ሊወድቅ ሲል አንድ እጅ ከኋላዬ ተቀበለኝ። አያ ታደለ ነበር። ጋቢውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞታል።

«ወግጂ፣ ትደፊዋለሽ» አለኝ። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞሮ፣ «በተራ! በተራ! እናንተ የመንግሥት እንግዶች ናችሁ፤ አትጋፉ!» ብሎ ጮኸ።

ፀሐይ ጮቄ ተራራ ላይ ስታዘቀዝቅ ከገንቦው ሥር የቀረውን አንዲት ሴት በእንጀራ ጠረገችው። አንድ ጠብታ አልተረፈም! ተነሥቼ እልል አልኩ፤ ይኼኛው እልልታ ግን ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። እማማ ውድነሽ ከወጭታቸው የመጨረሻዋን ጉርሻ ጠቅልለው ወንድሜ ፊት ቆሙ። አያ ታደለ ጉርሻዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰማዩን አየ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰ።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«ጨው ያንሰዋል» አለኝ።

ሰኞ ጾሙ ገባ። የቢቸና ሴት ሁሉ የድስቷን ቅባት በአመድ ስትፈትግ፣ እኔ ቤት ግን ቅባት ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስት ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሽሮና ምስሬን በእነርሱ ሠራሁ። ወሬው ደብሩ ዘንድ ደረሰ። ጾም የሚያጠብቁት ካህናት «ንጹሕ ድስት እዚያ ነው» እያሉ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መምጣት ጀመሩ። ከእነርሱ ጋር የመጡ አንድ የቅኔ መምህር ታሪኩን ሲሰሙ ጢማቸውን ዳሰሱና፣ «ሰሙን ሰምተሽ ወርቁን ስተሽ ነበር፤ ወርቁ ግን ታች ሰፈር ቆይቶ ጠበቀሽ» አሉኝ።

የፋሲካው ሃምሳ ቀን አልፎ የረቡዕና የዓርብ ጾም ሲመለስ አንድ ሥራ ያዝኩ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በየጠጅ ቤቱ የሚተርፍ ወጥ አለ፤ በማግስቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ጾም ነውና ይደፋ ነበር። ዳቦ ቤቱም ሊደርቅበት የደረሰ ዳቦ አያጣም። እነዚያን ሳይበላሹ በርካሽ ገዝቼ፣ በፊታቸው ቀምሼ፣ ታች ሰፈር በርካሽ እሸጣለሁ። በምግብ ቤቴም ካህናቱ ከሚቀመጡባቸው ወንበሮች አንዱ የእማማ ውድነሽ ሆነ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ደንበኛ ሸሸኝ። ይሽሽ አልኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ የተማረች ሴት አይደለሁም፤ ፊደል የቆጠርኩትም ከዚያች ደብዳቤ በኋላ በንዴት ነው። አንድ ነገር ግን ከዚያ ቀን ተምሬአለሁ። በርካሽ መሸጥና ሰውን ማርከስ ለየቅል ናቸው። ምግብ ሰጥታችሁ ደጅ ከተዘጋባችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ከዚያ ሰው ወጭት በልታችሁ ታውቁ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። እኔን ያን ቀን ያዳነኝ ወጤ አይደለም፤ አንዲት ጉርሻና አንዲት «አንቱ» ናቸው።

ወንድሜን ረሳሁት። ሰኞ ጠዋት በቅሎዋ ላይ ባዶውን ኮርቻ ጭኖ፣ ለእናቴ አንድ አዲስ ድስት አስሮ ሲነሣ፣ «ለአባባ ምን ትላቸዋለህ?» አልኩት።

«እውነቱን ነዋ። እስከ ቅበላ ብለው የለ? ቅበላው ገና ነው፣ እንግዳው አልመጡም እላቸዋለሁ።»

አባቴ ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ አያ ታደለ እስካሁን አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ከሞጣ የሚመጣ ነጋዴ ሁሉ አንድ መልእክት ብቻ ይዞ ይመጣ ነበር፤ «አባትሽ፣ እንግዳው መጣ ወይ? ብለውሻል» ይለኛል። እኔም «ገና ናቸው» ብዬ እመልሳለሁ። የአዲስ አበባው ትልቅ ሰው በዚያ ዓመት አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ሐሙስ ከሰዓት ለታች ሰፈር ወጥ ስጭን፣ ያቺው በቅሎ ደጄ ላይ ቆመች። አባቴ ነበሩ። የሁለት ቀን አቧራ ለብሰዋል። ከበቅሎዋ ሳይወርዱ የተሰለፉትን ድስቶች አዩ፣ በርጩማቸው ላይ የተቀመጡትን እማማ ውድነሽን አዩ፣ በመጨረሻ ጭልፋ እንደያዝኩ የቆምኩትን እኔን አዩ።

«እንግዳው መጣ ወይ?» አሉኝ።

እንባዬ ቀደመኝ። «አሁን ገና መጡ፣ አባባ» አልኳቸው።

የበቅሎዋን ልጓም ለቀቁ። ከዚያ እግራቸውን ከእርካቡ አወጡና ሁለት እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«በይ እንግዲህ» አሉኝ፣ «ተቀበይኝ።»